የፒኤች ኤሌክትሮዳችን ጠቁሯል፣ ንባቡም አልረጋ አለ። ይጸዳል ወይስ ይጣል?

ላብ_ሞጆ | ሰኞ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሞጆ ውስጥ ባለ የቆዳ ፋብሪካ ላብራቶሪ ነው። የፒኤች ኤሌክትሮዳችን፣ ማለትም የፈሳሽን አሲድነት የሚለካው የሜትሩ ዘንግ፣ አስቸግሮናል።

ንባቡ ቶሎ አይረጋም። ሳምፕል ውስጥ ስንከተው ቁጥሩ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ቆመ ስንል እንደገና ይንቀሳቀሳል። በ7 በፈር (ፒኤቹ የታወቀ መፈተሻ ፈሳሽ) ካሊብሬት ሲደረግ ይቀበላል፣ በ4 ላይ ግን አንዳንዴ ኤረር ያወጣል። ጫፉ ላይ ካለችው የመስታወት አምፖል ከፍ ብሎ በጎን በኩል ያለው ትንሽ ነጭ ነጥብ ጥቁር ሆኗል። አምፖሏም ላይ ስስ ጉም የመሰለ ነገር ይታያል።

የምንለካው በአብዛኛው የፋብሪካውን ፍሳሽና ቆዳ የሚዘፈዘፍበትን የኖራ ውሃ ነው። ኤሌክትሮዱ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚሞላበት ዓይነት ነው። ሥራ ሲያልቅ ዲስትልድ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ እኔ ከመምጣቴ በፊትም አሠራሩ ይኸው ነበር።

አለቃዬ «ይጣልና አዲስ ይታዘዝ» ይላሉ። አዲሱ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። የውጭ ምንዛሬውና የግዢ ሂደቱ እስኪያልቅ ያለ ፒኤች መሥራት አንችልም። በጽዳት የሚድን ከሆነ መሞከር እፈልጋለሁ። ምን ትላላችሁ?

ኬሚስቷ | ሰኞ ጠዋት

እህቴ፣ ገና እንዳትጥዪው። ማጽዳቱንም አትጀምሪ፤ መጀመሪያ ይለካ። ሜትሩን ከፒኤች ወደ ሚሊቮልት ቀይሪው። ከዚያ አዲስ የተቀዳ በፈር 7 ውስጥ ክተቺውና እስኪረጋ ጠብቀሽ ቁጥሩን ጻፊ። በዲስትልድ ውሃ አለቅልቀሽ በበፈር 4 ድገሚው። የላቡን ሙቀትም አብረሽ ጻፊልን።

አንድ ጤነኛ ኤሌክትሮድ በፒኤች 7 ላይ ወደ ዜሮ ሚሊቮልት ይጠጋል። ከዜሮ 30 ወደላይ ወይም ወደታች ቢሆን ችግር የለውም። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለእያንዳንዱ የፒኤች እርምጃ በንድፈ ሐሳብ 59.16 ሚሊቮልት ይለወጣል። ስለዚህ ከ7.00 ወደ 4.01 ስትሄጂ ልዩነቱ ወደ 177 መድረስ አለበት። ያንቺን ልዩነት ለ177 አካፍዪው፤ እሱ ስሎፑ ነው። ከ95 በመቶ በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከ92 በታች ከወረደ አንድ ነገር መደረግ አለበት።

በሁለቱም በፈር አንድ ዓይነት ቁጥር ካመጣ ግን አምፖሏ ተሰንጥቃለች ማለት ነው። ያኔ ጽዳት አያድነውም።

ላብ_ሞጆ | ሰኞ ከሰዓት

ለካሁት። ላቡ ውስጥ 25 ዲግሪ ነው። በ7 ላይ +21 ሚሊቮልት፣ በ4 ላይ +178። ልዩነቱ 157 ነው፣ ወደ 89 በመቶ ይሆናል። የ4ቱ ቁጥር እስኪረጋ ደግሞ ረጅም ጊዜ ወሰደ።

ኬሚስቷ | ሰኞ ከሰዓት

በጣም ጥሩ፣ አሁን የምንነጋገርበት ነገር አገኘን። +21 ከገደቡ ውስጥ ነው። መስታወቷም አልተሰነጠቀችም። ስለዚህ ኤሌክትሮድሽ ታሟል እንጂ አልሞተም።

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይታዩኛል። ስሎፑ የወረደው አምፖሏ በቆሻሻ ስለተሸፈነች ይመስለኛል። የማይረጋው ደግሞ ያ የጠቆረው ነጥብ ስለተደፈነ ነው። ነጥቡ ጁንክሽን ይባላል። ባለ ቀዳዳ ሴራሚክ ነው። ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎራይድ በሱ በኩል በጣም በቀስታ እየወጣ ከሳምፕሉ ጋር ይገናኛል። እሱ ከተዘጋ መስመሩ ተቆረጠ ማለት ነው፤ መስታወቷ የቱንም ያህል ጤነኛ ብትሆን ንባቡ ይዋልላል። በእኔ ልምድ «አረጀ» ተብለው ከሚጣሉት ኤሌክትሮዶች ብዙዎቹ መስታወታቸው ደህና ነው፣ የተደፈነው ጁንክሽናቸው ነው።

ለምን ጠቆረ? ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ፀጉሩን ለመንቀል ከኖራው ጋር ሶዲየም ሰልፋይድ ይገባል። በኤሌክትሮዱ ውስጥ ደግሞ በብር ክሎራይድ የተለበጠ የብር ሽቦ አለ፤ በወፍራም ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ትንሽ ብር ይሟሟል። የተሟሟው ብር ሲወጣ፣ ሰልፋይዱ ሲገባ፣ ሴራሚኩ ውስጥ ይገናኛሉ። እዚያው የብር ሰልፋይድ ይሆናሉ። እሱ ጥቁር ነው፣ በውሃም አይሟሟም። ስለዚህ በውሃ ብታጥቢውም፣ በሳሙና ብታሺውም አይለቅም።

መድኃኒቱ አሲድ ውስጥ የተሟሟ ታዮዩሪያ ነው። 7.6 ግራም ታዮዩሪያ በ100 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አሟሚ። ጁንክሽኑ እስኪጠልቅ ድረስ ጫፉን ነክረሽ ጥቁሩ እስኪለቅ ተዪው። አንድ ሰዓት ሊበቃው ይችላል፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። የምታዪው ቀለሙን እንጂ ሰዓቱን አይደለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ታዮዩሪያ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ነገር ስለሆነ ያለ ጓንት እንዳትነኪው፤ ዱቄቱንም እንዳትተነፍሺው። ሁለተኛው ይብሳል። የኖራ ውሃው የነካውን ኤሌክትሮድ ሳታለቀልቂ አሲድ ውስጥ አትክተቺ። ሰልፋይድና አሲድ ሲገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው፣ መርዝ ነው። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብለሽ እንዳትዘናጊ። በደንብ በውሃ አጥበሽ፣ ፊውም ሁድ (ጋዝ ስቦ የሚያወጣ መከለያ) ሥር ሥሪው።

የወተት_ላብ | ሰኞ ማታ

እኔ ወተት ማቀነባበሪያ ላብ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስለ ጉሙ ልናገር። የእኛ ኤሌክትሮድ ጠላቶቹ ቅባትና ፕሮቲን ናቸው። የእናንተም ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። የኖራው ውሃ ውስጥ የተሟሟ ፀጉር አለ፣ እሱ ፕሮቲን ነው። የቆዳው ቅባት አለ። ኖራው ራሱ ደግሞ አየር ሲያገኘው ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይጋገራል። ሦስቱም ተደራርበው ይሆናል የተለጠፉት።

ቅደም ተከተል ይኑረው። ቅባቱ ከላይ ከሸፈነው ሌላው ማጽጃ ወደ ውስጥ አይደርስም። ስለዚህ በቅባቱ ጀምሪ፦ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። ቶሎ ካልለቀ በአልኮል አጠር አድርገሽ አለቅልቂው። አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈሽ አትሂጂ፣ መስታወቷን ያደርቃታል። አካሉ ፕላስቲክ ከሆነ አሴቶን በፍጹም አታስጠጊ።

ቀጥሎ ካርቦኔቱ። 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። መጨረሻ ላይ ፕሮቲኑ፦ 1 ግራም ፔፕሲን በ100 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። አንድ ሰዓት ያህል አቆይው። ፔፕሲን የሚሠራው አሲድ ውስጥ ነው፣ የሆዳችን ኢንዛይም እኮ ነው፤ ያለ አሲዱ ዋጋ የለውም። ደግሞም ትኩስ ይዘጋጅ። የቆየ የፔፕሲን ፈሳሽ ኃይሉ ያልቃል።

እኛ ትኩስ ወተት ስንለካ ከ6.6 እስከ 6.8 እንጠብቃለን። ያልጸዳ ኤሌክትሮድ 0.2 ቢዋሽ ጥሩውን ወተት እንመልሳለን፣ ወይም መበላሸት የጀመረውን እንቀበላለን። ለዚህ ነው በየቀኑ ከሥራ በኋላ በሳሙና ሳይታጠብ የማያድረው።

ላብ_ሞጆ | ማክሰኞ ጠዋት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለን፣ 37 በመቶው። ታዮዩሪያና ፔፕሲን ግን ስቶራችን ውስጥ የሉም። በምን ልተካቸው? አንድ ባልደረባዬ ደግሞ በረኪና ሞክሪ ብሎኛል።

ኬሚስቷ | ማክሰኞ ጠዋት

በረኪናውን ተዪው። በአንድ ቀን ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አሲድና በረኪና አብረሽ ልትጠቀሚ ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ለአንድ ኤሌክትሮድ ብለሽ ሳንባሽን አደጋ ላይ አትጣዪ።

አሲዱን እንዲህ ቀጥኚ፦ ከ37 በመቶው 8.3 ሚሊ ሊትር ወስደሽ ውሃ ወዳለበት ፍላስክ ጨምሪ፣ ከዚያ እስከ 1 ሊትር ሙዪው። አሲዱ ወደ ውሃው ነው የሚገባው፣ ውሃው ወደ አሲዱ አይደለም።

በፔፕሲን ፋንታ ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያለበት የላብራቶሪ ዲተርጀንት ይሠራል። ለታዮዩሪያ ግን እኩያ የሚሆን የቤት ነገር አላውቅም። በአቅራቢያሽ ያለ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ጠይቂ። የሚያስፈልግሽ 8 ግራም እንኳ አይሞላም።

አቃቂ88 | ማክሰኞ ጠዋት

አሞኒየም ባይፍሎራይድ የሚባል አለ። ጥቂት ሰከንድ ነክረው ሲያወጡት መስታወቱን እንደ አዲስ ያደርገዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ለምን እሱን አትሞክሪም?

ኬሚስቷ | ማክሰኞ ጠዋት

ወንድሜ፣ ነገሩ እውነት ነው፤ የአምፖሏን የላይኛውን ስስ ንጣፍ ይበላዋል፣ ከሥር አዲስ መስታወት ይወጣል። ግን መስታወት የሚበላው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ስለሚሆን ነው። ያ አሲድ ቆዳ ላይ ሲነካ መጀመሪያ ላያምም ይችላል። ውስጥ ገብቶ ግን ሥጋና አጥንት ይጎዳል፣ የደም ካልሲየም አውርዶ ሰው ሊገድልም ይችላል። የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በእጁ የሌለው፣ ሥልጠናም ያልወሰደ ሰው ጠርሙሱን እንኳ መክፈት የለበትም። አምፖሏንም በየጊዜው ያሳሳታል። እኔ አልመክርም።

የድሮ_ቴክኒሻን | ማክሰኞ ከሰዓት

ልጆች፣ ኬሚስትሪውን በደንብ አስረድታችኋል። እኔ መሣሪያ ስጠግን የኖርኩ ስለሆንኩ በሌላ በኩል ልግባ። ኤሌክትሮድ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ሜትሩን ፈትሹት። ኤሌክትሮዱን ንቀሉና በሜትሩ ሶኬት ላይ መሐል ያለውን ቀዳዳና የውጩን ብረት በወረቀት ማያያዣ ሽቦ አገናኙ። ወደ 0 ሚሊቮልት ከመጣና ከቆመ ሜትሩ ጤነኛ ነው። እዚያም ከዋለለ ስታጸዱ ብትውሉ ትርፉ ድካም ነው።

ቀጥሎ የኬብሉን ጫፍ እዩ። ከመስታወቷ የሚመጣው ምልክት በጣም ደካማ ነው፤ ማያያዣው ላይ ትንሽ እርጥበት ወይም የጨው ብናኝ ካለ ንባቡን ያበላሸዋል። በአልኮል ጠርጋችሁ በደንብ አድርቁት።

ከዚያ አምፖሏን ብርሃን ላይ አንስታችሁ ተመልከቱ። ውስጧ የአየር አረፋ ካለ እንደ ትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር ወደ ታች አራግፉት፣ አረፋው ወደ ላይ ይወጣል። ስትለኩ የመሙያው ቀዳዳ ክፍት ይሁን። ቀዳዳው ከተዘጋ ፈሳሹ አይወጣም፣ ጁንክሽኑ ይደፈናል። የውስጡ ፈሳሽ ከሳምፕሉ ከፍታ በላይ ይሁን። ዝቅ ካለ ሳምፕሉ ወደ ውስጥ ይገባል። በሰልፋይድ ለሚሠራ ሰው ይህ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሰልፋይዱ ሽቦው ዘንድ ከደረሰ ነገሩ ያበቃለታል።

አምፖሏን በሶፍት አትሹ። ሶፍቱን አስጠግታችሁ ጠብታውን ብቻ አስመጥጡት። ማሸት መስታወቷ ላይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፣ ንባቡም ለረጅም ጊዜ ይሮጣል። ይህን የማያደርግ ላብ ብዙ አላየሁም፣ ስለዚህ አጥብቄ ነው የምናገረው።

ሰውነቱ ላይ የሚወጣው ነጭ ጨው ግን ጉዳት የለውም። በለብ ያለ ውሃ ይለቃል።

አፈር_ላብ | ማክሰኞ ማታ

ጋሼ ያሉትን ስለ ጁንክሽን እኔም አያለሁ። እኛ ጋ አፈርና ውሃ 1 ለ 2.5 ተበጥብጦ ይለካል፣ የሸክላ አፈር ደቃቁ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ስንለካ አፈሩ ትንሽ ከረጋ በኋላ ከላይ ያለው ውሃ ውስጥ ነው የምንነክረው፣ ጭቃው ውስጥ አንተክለውም። የተደፈነውን ደግሞ 60 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ እንነክርና እዚያው እስኪቀዘቅዝ እንተወዋለን። ጨውና ጭቃ የደፈነውን ይከፍታል። የሰልፋይዱን ጥቁር ግን አይነካውም፣ ለእሱ ታዮዩሪያው ነው።

ለእኛ 0.3 የፒኤች ስህተት ቀላል አይደለም። የደጋው አፈር በአሲድነት የተጎዳ ነው፣ ለገበሬው የሚመከረው የኖራ መጠን ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ነው የሚሰላው። ኤሌክትሮዱ ከዋሸ ገበሬው ያለ ጥቅም ኖራ ያጓጉዛል፣ ወይም ያነሰ ይሰጠዋል።

የሐይቅ_ውሃ | ረቡዕ ጠዋት

አንድ ጥያቄ ልጨምር። እኔ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ነው የምለካው፣ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ፍሎራይድ መስታወት ይበላል ከተባለ ኤሌክትሮዴ እየተጎዳ ነው ማለት ነው?

ኬሚስቷ | ረቡዕ ጠዋት

አይደለም፣ አትስጋ። መስታወት የሚበላው ፍሎራይድ ከሃይድሮጅን ጋር ሲያያዝ ነው። ያ የሚሆነው ደግሞ አሲድ ውስጥ ነው፣ ፒኤች 3 አካባቢና ከዚያ በታች ሲወርድ በብዛት ይኖራል። የሻላና የአብጃታ ሐይቅ ውሃ ፒኤች ከ9 በላይ ነው፣ እዚያ ፍሎራይዱ ብቻውን ነው የሚገኘው። ፍሎራይድ የበዛበትን ሳምፕል አሲድ ካደረግክ በኋላ ግን የፒኤች ኤሌክትሮድ አትክተትበት።

ለላብ_ሞጆም አንድ ነገር ላስታውስ። ከፒኤች 12 በላይ መስታወቷ ራሷ ቀስ በቀስ ትበላለች። ሶዲየም ሲበዛ ደግሞ ከእውነቱ ትንሽ ዝቅ አድርጋ ታነባለች። ስለዚህ የኖራውን ውሃ ለኩና ወዲያው አውጡት። እናንተ ኖራ ስላላችሁ ጥሩ መፈተሻም አላችሁ፦ ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ውስጥ እስኪጠግብ ተበጥብጦ ሲጣራ ፒኤቹ በ25 ዲግሪ 12.45 ነው፣ በ20 ዲግሪ 12.63። ከ4 እና ከ7 በፈር ይልቅ ለእናንተ ሥራ የሚቀርበው ይሄ ነው። አየር ላይ አታቆዩት እንጂ።

ላብ_ሞጆ | ዓርብ ከሰዓት

ውጤቱን ይዤ መጣሁ። ታዮዩሪያውን ዩኒቨርሲቲ ያለች ጓደኛዬ አገኘችልኝ። ሜትሩን ጋሼ እንዳሉት በሽቦ ፈተሽኩት፣ ደህና ነው። ከዚያ በደንብ አጥቤ፣ በሳሙና፣ በአሲድ፣ ኢንዛይም ባለው ዲተርጀንት፣ መጨረሻ ላይ በታዮዩሪያ። ጥቁሩ ቀስ እያለ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ለቀቀ። የድሮውን ፖታሲየም ክሎራይድ በሲሪንጅ መጥጬ አውጥቼ አዲስ ሞላሁ። ሌሊቱን 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አደረ።

ዛሬ በ7 ላይ +9፣ በ4 ላይ +182። ልዩነቱ 173 ነው፣ ወደ 98 በመቶ። የ4ቱ ቁጥርም ሳይቆይ ቆመ። አለቃዬ ራሳቸው መጥተው አዩት። ከልብ አመሰግናለሁ።

አሁን ማስቀመጫውን ላስተካክል። 3 ሞላሩን በየጊዜው እዚሁ ማዘጋጀት ይቻላል?

የድሮ_ቴክኒሻን | ዓርብ ከሰዓት

እሰይ! ይቻላል ልጄ። 22.4 ግራም ንጹሕ ፖታሲየም ክሎራይድ መዝነሽ በዲስትልድ ውሃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ሙዪ። የማስቀመጫ ቆቡ ውስጥ እሱን አድርጊ፣ ዲስትልድ ውሃውን ግን ለማለቅለቂያ ብቻ ተጠቀሚበት። ዲስትልድ ውሃ የውስጡን ጨው እየሳበ ያወጣዋል፣ የመስታወቷንም እርጥብ ንጣፍ ያዳክማል። ለጊዜው ፖታሲየም ክሎራይድ ካለቀ በፈር 4 ይሻላል።

ለመሙያው ግን የኤሌክትሮዱን መመሪያ እዪ። አንዳንዱ ብር ክሎራይድ የጠገበበት ፈሳሽ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ያለ ብር። በፈርም ቢከር ውስጥ የተቀዳውን ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ። በፈር 10 በተለይ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሚወርድ ከፍታችሁ አታቆዩት።

ጁንክሽኑ መከፈቱን ለማወቅ ደግሞ አለቅልቀሽ ጠብታውን በሶፍት አስመጥጪውና አየር ላይ ጥቂት ሰዓት ስቀዪው። ነጥቡ ላይ ነጭ ጨው ከወጣ ፈሳሹ ይፈስሳል ማለት ነው። ስታበቂ ወደ ፖታሲየም ክሎራይዱ መልሺው፣ ደርቆ እንዳያድር።

ላብ_ሞጆ | ዓርብ ማታ

እሺ ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አለቃዬ ግን አሁንም መጠባበቂያ ማዘዝ ይፈልጋሉ፣ እንዲያውም ሦስት አራት በአንድ ግዢ። ምን ዓይነት ልበላቸው?

ኬሚስቷ | ዓርብ ማታ

ድርብ ጁንክሽን ያለው በሉ። በእሱ ውስጥ የብር ሽቦው በሌላ ክፍል ተለይቶ ስለሚቀመጥ ከውጭ የሚገናኘው ፈሳሽ ብር የለበትም። ሰልፋይዱ የሚያጠቁረው ነገር አያገኝም። የሚሞላ ዓይነት ይሁን፣ ጄል ያለበት ሲያልቅ አይሞላም። አካሉ መስታወት ቢሆን ለማጽዳት ይቀላል።

ሦስት አራት ግን አታዙ። ኤሌክትሮድ ሳይነካም በሳጥኑ ውስጥ ያረጃል። አንድ መጠባበቂያ ይበቃችኋል። ሲመጣ ወዲያው በበፈር ፈትሺውና ስሎፑንና ቀኑን ሳጥኑ ላይ ጻፊበት።